በአዲስ አበባ ዳርቻ አንበሳና አቦሸማኔን በበጎ ፈቃድ ለመንከባከብ፦ ከማመልከቻ እስከ ርክክብ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከሕገወጥ ዝውውር ወይም ከግለሰብ እጅ የተወሰዱ አንበሶችንና አቦሸማኔዎችን በሚያኖር የማገገሚያ ማዕከል ውስጥ ያለ ክፍያ ለማገልገል ለሚያስቡ፣ በተለይም በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ሥራውን ከሩቅ ለሚያየው ከአንበሳ ጋር መወዳጀት ይመስለዋል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን አብዛኛው ሰዓት የሚያልፈው ሥጋ በመመዘን፣ ሣር በማጨድ፣ ውሃ በመቅዳት፣ አጥር በመፈተሽና መዝገብ በመሙላት ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም ጥሩ ተንከባካቢ የሚባለው እንስሳው ሳይነካው፣ ሳይፈራውና ሳይናፍቀው የሚያስፈልገውን ሁሉ በሰዓቱ የሚያቀርብለት ሰው ነው የሚል ነው። በዚህ የማይስማማ ሰው ማመልከቻውን ሳይጽፍ ቢተወው ለራሱም ለእንስሳቱም ይሻላል።

1. ቦታውን ይምረጡ

በአዲስ አበባና በአካባቢዋ አንበሳ የሚኖርባቸው ቦታዎች ዓላማቸው አንድ አይደለም። በስድስት ኪሎ የሚገኘውና በተለምዶ አንበሳ ግቢ የሚባለው መካነ እንስሳት እ.ኤ.አ. በ1948 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመ ሲሆን፣ ጥቁር ጎፈራቸው እስከ ደረታቸውና ሆዳቸው የሚወርደው የግቢው አንበሶች እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ በሆነ የዘረመል ጥናት ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የሚለዩበት የራሳቸው መለያ እንዳላቸው ታይቷል። በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክም የራሱ አንበሶች አሉት። ሁለቱም ሕዝብ እንዲጎበኛቸው የተዘጋጁ ናቸው። የማገገሚያ ማዕከል ግን በጎብኚ ሳይሆን በእንስሳቱ ደኅንነት የሚለካ ቦታ ነው። ለዚህ በቅርብ የሚጠቀሰው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሆለታ አቅራቢያ በ77 ሄክታር መሬት ላይ የተቋቋመውና ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት የሚያስተዳድረው እንሰሳ ኮቴ ነው። ከሶማሊያ ድንበር አጠገብ ከምትገኘው ዶሎ ከተማ የመጣውና በከተማዋ ስም የተጠራው አንበሳ እዚህ ከመድረሱ በፊት ለዓመታት በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የኖረ፣ ጎፈሩም የረገፈ ነበር። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሊሻገሩ ሲሉ የተያዙ የአቦሸማኔ ግልገሎችም ማረፊያ የሚፈለግላቸው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

እነዚህ እንስሳት ለምን ወደ ጫካ አይመለሱም የሚለውን ጥያቄ ከመሄድዎ በፊት ለራስዎ መልሰው ይሂዱ፤ በዘመድም በጎረቤትም ደጋግመው ይጠየቁታልና። ደቦል ሆኖ ከእናቱ የተነጠቀ አንበሳ አደን የሚያስተምረው አላገኘም፤ ከዚህም የሚብሰው ሰውን ከምግብ ጋር አያይዞ ማደጉ ነው። እንዲህ ያለው አንበሳ ቢለቀቅ በረሃብ ይሞታል፣ አለዚያም ወደ መንደር ገብቶ ከብት ሲይዝ ይገደላል። ስለዚህ ለአብዛኞቹ ማዕከሉ ቀሪ ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉበት ቤት ነው።

የትኛውንም ቦታ ከመምረጥዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ እንስሳቱን ያራባሉ ወይ? ይሸጣሉ ወይም ያከራያሉ ወይ? እንግዳ ደቦል እንዲያቅፍና ፎቶ እንዲነሳ ይፈቅዳሉ ወይ? ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ «አዎ» የሚል መልስ ካገኙ፣ የቦታው ስም ምንም ያህል ቢያምር፣ ወደዚያ አይሂዱ። በደቡብ አፍሪካ ከውጭ የመጡ በጎ ፈቃደኞች ገንዘብ ከፍለው በጡጦ ያሳደጓቸው ደቦሎች ካደጉ በኋላ በታጠረ ሜዳ ለአዳኝ የሚሸጡበት ንግድ ለብዙ ዓመታት ሲያወዛግብ ኖሯል። በአገራችን ደግሞ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ስለሆነ፣ ማዕከሉ ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ያለው ግንኙነት ምን እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም። በአግባቡ የሚሠራ ማዕከል በጥያቄው አይከፋም።

2. ማመልከቻውን በሚያውቁት ሙያ ላይ ያቁሙት

«ከልጅነቴ ጀምሮ አንበሳ እወዳለሁ» የሚል ደብዳቤ ለአስተባባሪ ምንም አይነግረውም። ብየዳ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ፣ የቧንቧ ሥራ፣ አናጺነት፣ መንጃ ፈቃድ፣ የሒሳብ አያያዝ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ካለዎት በደብዳቤው መጀመሪያ ላይ ይጻፉት፤ በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ዝገት የበላው ማጠፊያ ሁልጊዜ በያጅ ይፈልጋል። አፋን ኦሮሞ የሚችሉ ከሆነ ይህንንም አይርሱ፤ የሆለታ አካባቢ ገበሬዎችና በዙሪያው የሚኖሩት አብዛኞቹ ሰዎች ቋንቋቸው እርሱ ነው፣ አጥር ተጣሰ ወይም ውሻ ገባ የሚለው ወሬ በመጀመሪያ የሚሰማውም ከእነርሱ ነው። ቢሾፍቱ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚማሩ ወይም ከሌላ ተመሳሳይ ኮሌጅ የሚመጡ ተማሪዎች ጥያቄያቸውን በትምህርት ክፍላቸው በኩል ቢያቀርቡ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ለተማሪ የሚሰጠው ሥራና ኃላፊነት ከሌላው በጎ ፈቃደኛ የተለየ ይሆናል።

ለስንት ጊዜ እንደሚችሉም በሐቅ ይጻፉ። ለሁለት ቀን የሚመጣ ሰው አጋዥ ሳይሆን እንግዳ ነው፤ የሚያሳየው ሰው መመደብ ስለሚያስፈልግ ሥራ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በሳምንት አንድ የተወሰነ ቀን ለበርካታ ወራት ሳያቋርጥ የሚመጣ ሰው፣ ወር ሙሉ ውሎ ከሚጠፋው ይልቅ ለተረኛ ዝርዝር ይመቻል። ያለ ቀጠሮ በር ላይ መድረስ ግን ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

3. ጤናዎን አስቀድመው ያዘጋጁ

ከመጀመሪያው ቀን በፊት የመንጋጋ ቆልፍና የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት መውሰድ ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታ ቅድመ መከላከያ በዓለም ጤና ድርጅት ምክር መሠረት በመጀመሪያው ቀንና ከዚያ ከሰባት ቀን በኋላ በሁለት ዙር የሚሰጥ ነው። ይህን መውሰድ ከተነከሱ በኋላ መታከም አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ሕክምናውን ግን ያሳጥረዋል። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ያድርጉ፤ በሽታው ከሰው ወደ እንስሳ፣ ከእንስሳም ወደ ሰው ሊተላለፍ የሚችል ነውና።

ብዙ ሰው የሚጨነቀው ከአንበሳው ስለሚይዘው በሽታ ነው። አንበሳውም ከእኛ ይታመማል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኒው ዮርክ ብሮንክስ መካነ እንስሳት ነብር መሰል ታይገሮችና አንበሶች በኮቪድ የተያዙት ከሰው ነበር። ጉንፋን የያዘዎት ቀን ደውለው ይቅሩ፤ ቤትዎ ያልተከተበ ውሻ ወይም ድመት ካለም አስቀድመው ይናገሩ፣ የማዕከሉን ልብስና ቦት ጫማም ወደ ቤት አይውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1994 በታንዛኒያው ሰረንጌቲ ከአንበሶቹ ሲሶ የሚሆኑትን የፈጀው በሽታ ዲስተምፐር የተባለው፣ በውሾች ላይ የተለመደ የቫይረስ በሽታ ነበር። በየአጥሩ ሥር የሚዞሩ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በሚበዙበት በእኛ አካባቢ ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ነፍሰ ጡር የሆኑ በጎ ፈቃደኞች የማደሪያ ክፍል ጽዳት ላይ አይመደቡ። በድመት ወገን ዓይነ ምድር የሚወጣው የቶክሶፕላዝማ ጥገኛ ተሕዋስ ጽንስን የሚጎዳ ሲሆን፣ ለመተላለፍ የሚበቃው ከወጣ በኋላ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ነው። ዓይነ ምድሩ በየቀኑ መነሳት ያለበትም ለዚህ ነው።

4. ጉዞና ልብስ

ወደ ሆለታ የሚወስደው የአምቦ መንገድ አስኮንና ቡራዩን አልፎ ይሄዳል። ጠዋት ሥራ የሚጀመረው በማለዳ ስለሆነ፣ ከከተማ የሚነሳ ሰው ጎህ ሳይቀድ መነሳቱን ወይም በአካባቢው ማደሩን አስቀድሞ ያስብበት። ቦታው ከአዲስ አበባ ብዙም ያልተለየ ከፍታ ያለው ደጋ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ አለ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃው ቦት ጫማ ያስወልቃል። እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦት፣ የዝናብ ልብስ፣ ረጅም ሱሪ፣ የሥራ ጓንትና ቅያሪ ልብስ ይያዙ። ሽቶ አይቀቡ፤ የሚንጠለጠል ጌጥ፣ ሻርፕና ነጠላ ከአጥር አጠገብ አይለበሱ።

5. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፦ ከአጥር ውጭ

አዲስ ሰው የሚጀምረው ከውጭ አጥር ነው፤ ይህ ቅር ሊያሰኝዎ አይገባም። በክረምት ሣሩ አድጎ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ሲነካ ኃይሉ ወደ መሬት ስለሚፈስ አጥሩ ከነሙሉ ውበቱ ባዶ ሽቦ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ሣር አጫጁ ከአንበሳው ጋር የሚገናኝበት ሥራ ባይኖረውም የሁሉንም ሕይወት የያዘ ሰው ነው። አጥር ሲዞሩ የሚከተሉትን ይመልከቱ፦ ከሽቦው በታች በጅብ ወይም በጃርት የተቆፈረ ጉድጓድ፣ በሽቦው ላይ የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ የላላ መወጠሪያ፣ የተሸረሸረ የምሰሶ ሥር፣ የዛገ ቁልፍ። ያዩትን ራስዎ ለመጠገን አይሞክሩ፤ ቦታውን ምልክት አድርገው ለተረኛው ኃላፊ ያሳውቁ። ነብር ባለበት ግቢ ደግሞ ጣሪያውን ጭምር ይመልከቱ፤ ነብር ከፍ ወዳለ ነገር መውጣት ስለሚችል ማቆያው ከላይም የተሸፈነ መሆን አለበት።

በዚሁ ጊዜ ውስጥ የአካሄድ ሥርዓት ይለመዳል። በማስጠንቀቂያ መስመሩና በሽቦው መካከል አይግቡ። ለእንስሳው ጀርባዎን ሰጥተው አይንበርከኩ፣ አይቀመጡ፣ የጫማ ማሰሪያ ለማሰር እንኳ አያጎንብሱ፤ ዝቅ ያለ ሰው ለአንበሳ ታዳኝ ይመስለዋል። አይሩጡ፣ አይጩኹ፣ ልጅ ይዘው አይምጡ። ጣት በሽቦ ቀዳዳ አይገባም። አቦሸማኔ እንደ ቤት ድመት ያንኮራፋል፤ ፊቱም የዋህ ይመስላል፤ አዲስ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በእርሱ ነው፤ ሊነካው እጁን የሚዘረጋም ለዚህ ነው። አቦሸማኔ ግን በጭንቀት በቀላሉ የሚጎዳ እንስሳ ነው፤ በእንክብካቤ ሥር ያሉ አቦሸማኔዎችን የጨጓራ ሕመም ደጋግሞ የሚያጠቃቸው ከኑሯቸው ጭንቀት ጋር እንደሚያያዝ ይታመናል። በአጥሩ አጠገብ በድንገት መሮጥም ሊያሳድደውና ከሽቦው ጋር ሊያላትመው ይችላል።

6. ቆጠራ፣ ቁልፍና ማሻገር

በመላው መመሪያ ውስጥ ሁለት ጊዜ መነበብ ያለበት ክፍል ይህ ነው። በየአገሩ በተንከባካቢዎች ላይ ከደረሱት አደጋዎች ብዙዎቹ የተነሱት አንበሳው በሩን ሰብሮ በመውጣቱ ሳይሆን፣ ሰው ባልዘጋው ወይም «ተዘግቷል» ብሎ በገመተው በር ምክንያት ነው። በጎ ፈቃደኛ ቁልፍ አይያዝም፣ በርም ብቻውን አይከፍትም፤ ግን የሁለተኛ ሰው ዓይን ሆኖ ስለሚቆም ቅደም ተከተሉን እንደ ኃላፊው ማወቅ ይጠበቅበታል።

ቀኑ በቆጠራ ይጀመራል። ማንኛውም በር ከመነካቱ በፊት እያንዳንዱ እንስሳ በስሙ ተጠርቶ በዓይን ይታያል፣ ያለበት ቦታም ይመዘገባል። «እዚያ ቁጥቋጦ ሥር ይሆናል» ቆጠራ አይደለም። አንድ እንኳ ካልታየ ሥራው ሁሉ ይቆማል።

ከዚያ እንስሳው ከሜዳው ወደ ማደሪያ ክፍሉ ይሻገራል። ይህ የሚደረገው በጩኸት ወይም በዱላ ሳይሆን በልማድ ነው፤ ድምፅ ይሰማል፣ ሥጋ በክፍሉ ውስጥ ይጠብቀዋል፣ ይገባል። አልገባም ካለ ይጠበቃል። ከገባ በኋላ ተንሸራታቹ በር ይዘጋል፣ መቀርቀሪያው ይገባል፣ ቁልፉ ይቆለፋል፣ ኃላፊው ቁልፉን በእጁ ስቦ ይፈትሸዋል፤ ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተቆልፏል» ይላል። ሁለተኛው ሰው በዓይኑ አይቶ ቃሉን ይደግማል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት እንስሳት የሚኖሩ ከሆነ ሁሉም ከበሩ ወዲያ መሆናቸው እንደገና ይቆጠራል፤ አንዱ ገብቶ ሌላው ሜዳ ላይ የሚቀርበት ቀን የማይመጣ የሚመስለው ለአዲስ ሰው ብቻ ነው። ወደ ሜዳው የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ሲሆን፣ መግቢያውም ባለ ሁለት በር ነው፤ የመጀመሪያው ከኋላ ሳይዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም።

ሥራው ሲያልቅ መሣሪያው ይቆጠራል። ሦስት አካፋ ከገባ ሦስት አካፋ ይወጣል። ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ ውጭኛው በር ተቆልፎ፣ ቁልፉ ተስቦ ከታየ በኋላ ብቻ እንስሳው ይለቀቃል። በመካከል ስልክ ቢጮህ፣ ሰው ቢጣራ ወይም ጥያቄ ቢጠየቅና ሐሳብ ቢቋረጥ፣ ከተቋረጠበት አይቀጠልም፤ ከመጀመሪያው ቁልፍ እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ ስልክ በዚህ ሰዓት በኪስ ሳይሆን በቢሮ ይቀመጣል። ሰላምታ መለዋወጥ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነገር መሆኑ የታወቀ ነው፤ በበር ላይ ያለ ሰው ግን ሰላም ሳይል ቢቀር ማንም አይቀየመውም፣ ሊቀየመውም አይገባም።

7. ምግብ

አዋቂ አንበሳ በአማካይ በቀን ከ5 እስከ 7 ኪሎ ግራም ሥጋ፣ አቦሸማኔ ደግሞ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ግራም ያህል ይመገባል፤ የእያንዳንዱ ልክ ግን በክብደቱ፣ በዕድሜውና በጤናው በእንስሳት ሐኪሙ የተወሰነ ነው። ብዙ ማዕከሎች ለአንበሶች በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ባዶ ሆድ ይወስናሉ፤ በዱር አንበሳ በየቀኑ አይበላምና። በጎ ፈቃደኛ አዝኖ በዚያ ቀን አንድ ቁራጭ እንኳ አይጨምርም።

ሙዳ ሥጋ ብቻውን ሙሉ ምግብ አይደለም። በሙዳ ሥጋ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከካልሲየሙ ከ10 እጥፍ ስለሚበልጥ፣ አጥንት ሳይኖረው በሙዳ ብቻ ያደገ ደቦል አጥንቱ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል፣ በትንሽ ዝላይም ይሰበራል። ከግለሰብ ቤት የሚመጡ ደቦሎችና ግልገሎች ላይ ይህ ጉዳት ደጋግሞ ይታያል፤ ባለቤቱ «ምርጥ ሥጋ ነበር የማበላው» ቢልም ሐሰት ላይሆን ይችላል፣ ችግሩ ያ ምርጥ ሥጋ ነው። ስለዚህ ሥጋ ከነጥሬ አጥንቱ ይቀርባል፤ የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ አጥንት ግን ተሰንጥሮ አንጀት ስለሚወጋ ከቶ አይሰጥም። ጉበት በተወሰነ ቀን በጥቂቱ ይሰጣል፤ የቫይታሚን ኤ እጥረት የአንበሳን የራስ ቅል አጥንት ያበላሻል፣ መብዛቱም እንደዚያው ይጎዳል።

ከውጭ የሚመጣ ሥጋ ላይ ጥብቅ ይሁኑ። «ለሰው ካልሆነ ለአንበሳ ይሁን» ብሎ የሞተ በሬ ለመስጠት በቅንነት የሚመጣ ጎረቤት አይጠፋም፤ በአክብሮት አመስግነው ይመልሱት። በድንገት የሞተ ከብት አባ ሰንጋ ሊኖርበት ይችላል፣ ይህም በመብላት ብቻ ሳይሆን በመንካትና በመግፈፍም ይይዛል። በመድኃኒት የቆየ ወይም በመርፌ እንዲሞት የተደረገ እንስሳም መድኃኒቱ በሥጋው ውስጥ ስለሚቀር አንበሳውን ሊገድለው ይችላል። በቄራ በመርማሪ ሐኪም የተጣለ ጉበትና ሳንባ የተጣለው በምክንያት ነው። በበዓል ከቤትዎ የተረፈ ሥጋም ቢሆን አይምጣ።

ጾም ሌላው ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ብዙ ልኳንዳ ቤቶች ስለሚዘጉና እርድ ስለሚቀንስ፣ አቅርቦቱ ከቅበላ በፊት ከአራጆች ጋር ተነጋግሮ መያዝ አለበት፤ ማቀዝቀዣው ምን ያህል እንደሚችልም አስቀድሞ ይሰላል። ጿሚ በጎ ፈቃደኛ ሥጋ መቁረጥ ቢከብደው፣ ወይም ሙስሊም የሆነ ሰው የሥጋው ሁኔታ ቢያሳስበው፣ ለአስተባባሪው በግልጽ ነግሮ በአጥር ወይም በውሃ ሥራ ላይ መመደብ ይችላል። ይህ የሥራ ድልድል ጉዳይ እንጂ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ማቀዝቀዣው አይከፈት፣ የጠፋበትና የመጣበት ሰዓት ይመዝገብ። የበረደ ሥጋ በፀሐይ ላይ ሳይሆን በማቀዝቀዣው ዝቅተኛ ክፍል ቀስ ብሎ ይሟሟል። ሥጋ የሚቆረጥበት ጠረጴዛ፣ ቢላዋና ባልዲ የሰው ምግብ ከሚሠራበት ፈጽሞ ይለያል። ከእንስሳው የተረፈውም ምሽት ሳይደርስ ተነስቶ በጥልቅ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል፤ አለዚያ ጅቦች ሌሊቱን ከአጥሩ ሥር ያሳልፉታል።

8. ጽዳት

ዓይነ ምድሩንና የአጥንት ፍርፋሪውን አስቀድመው በአካፋ ያንሱ፣ ወለሉን በውሃ ያጥቡ፣ ከዚያ በሳሙና ይጥረጉ፣ በመጨረሻም በረኪናውን በተወሰነለት መጠን በጥብጠው ይጠቀሙና በብዙ ውሃ ያለቅልቁት። ቅደም ተከተሉ ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ በረኪና በሽንት ላይ በቀጥታ ቢፈስ ከአሞኒያው ጋር ተዋሕዶ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። በየቤታችን የምንጠቀምባቸው እንደ ዴቶልና ክሪዮሊን ያሉ የፌኖል ወገን ማጽጃዎች ለድመት ወገን መርዝ ናቸው፤ ጉበታቸው እንደ ሌሎች እንስሳት ሊያስወግደው አይችልም፣ መዳፋቸውን ሲልሱም ወደ ሆዳቸው ይገባል። ለውሻ መዥገር የሚሸጠው ፐርሜትሪን ያለበት መርጫም እንደዚሁ የተከለከለ ነው። ወለሉ ሳይደርቅ እንስሳው አይመለስ። ከቆላ ለመጣ አቦሸማኔ የሆለታ ሌሊት ስለሚከብደው፣ የመኝታው ጭድ ወይም ገለባ ደረቅና ወፍራም መሆኑን እንስሳው በሌለበት ሰዓት ብቻ ገብተው ይፈትሹ፤ የሻገተውም ሁሉ ይለወጥ።

9. ማየትና መመዝገብ

አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ሊያርፍ ስለሚችል፣ መተኛቱ ብቻ ሕመም አይደለም። ሕመምን የሚያሳየው ከራሱ ልማድ መለየቱ ነው። ዘወትር ቀድሞ የሚመጣው ዘግይቶ ሲመጣ፣ ሥጋውን አንሥቶ በአንድ በኩል ብቻ ሲያኝክ፣ ውሃ ከወትሮው አብዝቶ ሲጠጣ፣ በአንዱ እግሩ ሲያነክስ፣ ዓይነ ምድሩ ሲቀጥን፣ በአጥር ጥግ ያለ ማቋረጥ ሲመላለስ ይህ ሁሉ ይጻፋል። በተለይ አቦሸማኔ ከልክ በላይ ውሃ መጠጣቱና እየከሳ መሄዱ ከኩላሊት ሕመም ጋር ሊያያዝ ስለሚችል እስከ ነገ አይቆይም።

መዝገቡ ላይ ያዩትን እንጂ የገመቱትን አይጻፉ። «አዝኗል» ከማለት «ከ3 ኪሎው 1 ኪሎ ተኩል ትቷል፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ከክፍሉ አልወጣም» የሚለው ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር ይሁን በሌላው፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ይጻፍ።

10. እንስሳውን ማነቃቃት

ለአዳኝ እንስሳ ባዶ ሜዳ አሰልቺ ነው። ሥጋን በየጊዜው በተለያየ ቦታ መደበቅ፣ ወፍራም ግንድ ለጥፍር መሞረጃ ማቆም፣ በጭድ የተሞላ ካርቶን ማስቀመጥ፣ ጥቂት ቀረፋ ወይም ኮረሪማ በድንጋይ ላይ መነስነስ ይቻላል። ካርቶኑ ፕላስተርና ሽቦ ስፒል የሌለው ይሁን። አዲስ ሐሳብ ካለዎት አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ በአንዱ የተወደደው ሌላውን ሊያስደነግጠው ይችላል።

11. አደጋ ሲደርስ

እንስሳ ከአጥር ወጥቶ ካዩ አይሩጡ፣ አይከተሉት፣ ለመመለስም አይሞክሩ። ፊትዎን ወደ እርሱ እንዳደረጉ ወደ ኋላ እየተራመዱ ወደ ቅርቡ ቤት ወይም መኪና ይግቡ፣ በሩን ይዝጉ፣ በሬዲዮ ወይም በስልክ የትኛው እንስሳ፣ የት ቦታ፣ ወደ የት እንደሚሄድ ብቻ ይናገሩ። በጎ ፈቃደኛ ከዚያ በኋላ ያለው ድርሻ ቤት ውስጥ መቆየትና መቆጠር ነው።

ንክሻ ወይም ጭረት፣ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል። የድመት ወገን ጥርስ ጠባብና ጥልቅ ቁስል ስለሚተው በሰዓታት ውስጥ ሊመረቅዝ ይችላል። «ነገ አየዋለሁ» አይባልም፤ ወደ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከድሮ ጀምሮ የሚታወቅ ቦታ ነው። ተሸማቅቆ መደበቅ ደግሞ ከቁስሉ የባሰ ጉዳት ያመጣል፤ የተጎዳው ሰው ይታከማል፣ በሩ ይመረመራል።

12. ፎቶና ወሬ

አንዳንዶቹ እንስሳት የሕግ ጉዳይ ማስረጃ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ከየት እንደተያዙና ከማን እንደተወሰዱ በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጠፍ። ሰውና እንስሳ ጎን ለጎን የሚታይበት ፎቶ፣ በመካከላቸው ሽቦ ቢኖርም፣ ባይነሳ ይመረጣል፤ ሽቦው በፎቶ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ያየው ሰውም አቦሸማኔ በቤት ይያዛል ብሎ ይደመድማል። የአቦሸማኔን ግልገል ዋጋ የሚያስወድደው እንዲህ ያለው ፎቶ ነው። አቦሸማኔ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል በሆነችበትና የዱር እንስሳትን ንግድ በሚቆጣጠረው፣ ሳይተስ (CITES) በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንደኛው ሠንጠረዥ የተመዘገበ፣ ለንግድ ዓላማ ድንበር ማሻገሩ የተከለከለ እንስሳ ነው።

13. ሲለቁ

የሚያቋርጡበትን ቀን ቢያንስ ከወር በፊት ያሳውቁ፤ በተረኛ ዝርዝሩ ላይ የሚቀረው ክፍተት ሌላ ሰው ሠልጥኖ እስኪተካዎት ድረስ አይሞላም። በመጨረሻው ሳምንት ለሚተካዎት ሰው የእያንዳንዱን እንስሳ ልማድ በጽሑፍ ያስረክቡ፦ የትኛው በየትኛው በር መግባት እንደሚወድ፣ የትኛው ከማን ጋር ምግብ እንደማይካፈል፣ የትኛው በጎማ ቦት ድምፅ እንደሚደነግጥ። ልብሱን፣ ቦቱን፣ የመግቢያ ካርዱን ይመልሱ፤ መዝገቡ ላይ የመጨረሻውን ገጽ ከኃላፊው ጋር ፈርመው ይውጡ።